ሲኒማ ራስ ስትደርስ

ቤተሰብህን አዲስ አበባ ልታስጎበኝ ስትወጣ ቤተ መንግሥትና ሙዚየም ብቻ አሳይተህ አትመለስ፤ እስከ ሲኒማ ራስ ዝለቅ። ገበያው ቀድሞ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዘ በኋላ ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ሲል የአገሬውን ሰው ገበያ ወደዚህ አዛወረው። «መርካቶ» ማለትም በእነሱ ቋንቋ ገበያ ማለት ነው።

ከዚያ ብዙም የማይርቀው ታላቁ አንዋር መስጊድ የተሠራውም በዚያው ዘመን ነው። ልጅህ «ፋሽስት ለምን መስጊድ ያሠራል?» ቢልህ አትሸሽገው፤ ሙስሊሙን ከወገኑ ነጥሎ ከጎኑ ሊያሰልፍ ፈልጎ ነው በለው። ፋሽስቱ በ1933 ተባረረ፤ በመስጊዱ ግን ዛሬም ይሰገዳል፣ አልሐምዱሊላህ።

ዙህርን ሰግዳችሁ ስትወጡ የሙስሊም ምግብ ቤት ፍለጋ አትንከራተቱም። ሳምቡሳው ትኩስ ነው፤ ዋጋውን ግን ሳትበሉ ጠይቁ።