የትምህርት ሳምንት፥ ከየኔታ ጉባኤ እስከ ግልገል በለስ

ውሃን ከጥሩ፥ ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፥ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚታየውን የሳምንት የትምህርት ድልድል ምንነት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ከወዴት እንደ መጣ ሊመረምር ይገባዋል። ድልድሉ ለተመልካች ቀላል ነገር ነው፤ ሰኞ ሒሳብ፥ ማክሰኞ ቋንቋ፥ ረቡዕ ሳይንስ እያለ ቀኑን በሰዓት ይከፋፍላል። ነገር ግን ያ ሁሉ ትምህርት በማን ቋንቋ ይነገራል? ተብሎ ሲጠየቅ ነገሩ ይከብዳል። ይህም ጥያቄ ከብዙ ስፍራ ይልቅ በግልገል በለስ ጎልቶ ይታያል።

ግልገል በለስ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የመተከል ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ስሟም የወንዝ ስም ነው፤ ይኸውም ውሃው ከዋናው በለስ ጋር ተገናኝቶ ወደ ዓባይ የሚወርደው ነው። በመተከል ምድር ጉሙዝ፥ ሽናሻ፥ አገው፥ አማራና ኦሮሞ ተጎራብተው ይኖራሉ። የቋንቋ ሊቃውንት የኢትዮጵያን ልሳናት ሴማዊ፥ ኩሻዊ፥ ኦሞአዊና ናይሎ ሰሐራዊ ብለው በአራት ወገን ይከፍሏቸዋል። አማርኛ ከፊተኛው፥ አገውኛና ኦሮምኛ ከሁለተኛው፥ ሽናሽኛ ከሦስተኛው፥ ጉሙዝኛ ከአራተኛው ስለሚቆጠሩ፥ አራቱም ወገኖች በዚህ አንድ ዞን ተሰብስበው ይገኛሉ።

ትምህርትን በሳምንቱ ዕለታት መደልደል ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ ልማድ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ 33ቱን ፊደላት በየሰባት ድምፃቸው 231 አድርጎ ከቈጠረ በኋላ፥ መልእክተ ዮሐንስን፥ ወንጌልንና ዳዊትን ያነባል፤ ውዳሴ ማርያምንም ከሰኞ እስከ እሑድ በየዕለቱ ተከፍሎ ያገኘዋል። እዚያ ግን ደወል የለም፤ አንዱ ገና ፊደል ሲቈጥር ባልንጀራው ዳዊት ይደግማል፤ የቀደመውም ተማሪ የኋለኛውን ያስጠናል። የኔታ ጊዜን ለልጁ ይሰፍሩለታል እንጂ ልጁን ለጊዜ አይሰፍሩትም። ሆኖም ይህ ትምህርት የሚነበበው በግዕዝ ስለ ሆነ፥ አማርኛ ተናጋሪው ልጅ እንኳ ትርጓሜውን ሳያውቅ ብዙ ዓመት በቃል ይይዝ ነበር። ልጁ በቤቱ የማይሰማውን ቋንቋ በትምህርት ቤት ማግኘቱ እንግዲህ የቅርብ ጊዜ ነገር አይደለም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ፥ ከአቡነ ማቴዎስ ጋር ተመካክረው መምህራኑን ከግብፅ ቅብጦች አስመጡ። ብዙ ዓይነት ትምህርት በአንድ ጣራ ሥር በሰዓት ተከፋፍሎ ሲሰጥ የታየው ያን ጊዜ ነው፤ በዚያም የፈረንሳይ፥ የእንግሊዝ፥ የጣሊያንና የዐረብ ቋንቋዎች ይሰጡ ነበር። በ1917 ዓ.ም. ሚያዝያ 19 ቀን ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከእነዚህ ቤቶች የወጣው ልማድ በየጠቅላይ ግዛቱ ተስፋፋ፤ ልጆች በዕድሜና በዕውቀት ተለይተው በክፍል ይቀመጣሉ፤ ደወል ሲመታም ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው ይሸጋገራሉ። በ1956 ዓ.ም. አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ሁሉ ማስተማሪያ ሆኖ በእንግሊዝኛ ስፍራ ገባ። ለብዙ ልጆች ታላቅ እርዳታ ነበር፤ አማርኛን በቤቱ ለማይሰማ ልጅ ግን አንዱ እንግዳ ቋንቋ በሌላው ተለወጠ እንጂ በሩ አልተከፈተለትም።

ከዚህ በር ውጭ ከቆዩት መካከል የጉሙዝ ሕዝብ አንዱ ነው። ይህ ሕዝብ ለረጅም ዘመን በባሪያ ፈንጋዮች ሲታደን የኖረ ነበር፤ ባርነትን የሚያስቀረው ዐዋጅ በ1934 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላም መንገዱና ትምህርት ቤቱ ወደ ቆላው ዘግይቶ ደረሰ። በ1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት በአገሩ ሁሉ ሲታወጅ ትምህርቱ የተዘጋጀው በዐሥራ አምስት ቋንቋዎች ነበር፤ ጉሙዝኛና ሽናሽኛ ግን ከዐሥራ አምስቱ አልተቈጠሩም። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኋላም መንግሥት ከወሎ፥ ከሸዋ፥ ከከምባታና ከሐዲያ ከ80 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ አምጥቶ በበለስ ሸለቆ፥ በፓዌ አሰፈረ፤ በጣሊያን መንግሥት እርዳታም የጣና በለስ ሥራ ተጀመረ። ለተራበው መጠጊያ ተገኘ፤ ለነባሩ ግን የሚያርስበትና የሚያድንበት መሬት ጠበበበት። የሸለቆው ቋንቋዎችም ከቀድሞው ይልቅ በዙ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለት ነገር አመጣ። አንደኛው፥ ልጆች በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። ሁለተኛው፥ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ለአንድ ክፍል እንዲያስተምር ሆነ። ይህ ሁለተኛው አዲስ ቢመስልም ለአገሩ ሰው እንግዳ አልነበረም፤ አንዱ መምህር ልጁን ከጧት እስከ ማታ ማወቁ የየኔታ ሥርዓት ነውና። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሥራው ቋንቋ አማርኛ ስለ ሆነ ትምህርቱ በአብዛኛው በአማርኛ ቀጠለ፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ግን ለበርታ፥ ለጉሙዝና ለሽናሻ ቋንቋዎች የጽሕፈት ሥርዓት እየተዘጋጀ ወደ ታችኞቹ ክፍሎች መግባት ጀመሩ። ሥራው ቀላል አይደለም፤ በጉሙዝኛ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃልን ትርጉም ይለውጣልና፥ ጽሕፈቱ ይህን ሁሉ ሊያስብ ይገባዋል። በግልገል በለስም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተቋቁሞ ለአካባቢው አስተማሪ ያወጣል።

አሁን የታችኞቹ ክፍሎች ሳምንት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፥ በእንግሊዝኛ፥ በሒሳብ፥ በአካባቢ ሳይንስ፥ በግብረ ገብ፥ በክወናና በእይታ ጥበባት፥ በጤናና በሰውነት ማጎልመሻ የተከፈለ ነው። ድልድሉን ለሚያነብ ሰው እነዚህ የተለያዩ ነገሮች ይመስሉታል፤ ብልህ መምህር ግን የበለስን ወንዝ ብቻ ይዞ ሳምንቱን ሊያዘልቅ ይችላል። በቋንቋ ጊዜ ልጆቹ ስለ ወንዙ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይናገራሉ። በአካባቢ ሳይንስ በዳርቻው የሚበቅለውን ቀርከሃና በማሳው የሚዘራውን ማሽላ ይመለከታሉ፤ ከጣና ሐይቅ ውሃ በመሬት ውስጥ በተቦረቦረ መንገድ ወደ በለስ እንደሚመጣና በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲሰጥ ተደርጎ እንደ ተሠራ ይማራሉ። በሒሳብ ጊዜ ይህንኑ ቍጥር ይደምሩበታል፥ ይቀንሱበታል። በጥበባት ጊዜ ቀርከሃውን ይቀርጹታል፤ በግብረ ገብ ጊዜም አንዱን ውሃ ብዙ ሕዝብ እንዴት በሰላም እንደሚጠጣው ይነጋገራሉ። ቋንቋው ለልጁ ከተዘጋ ግን ሰባቱም ትምህርቶች አብረው ይዘጉበታል፤ ሒሳቡን ያልመለሰው ልጅ ቍጥሩን ሳይሆን ጥያቄውን አላወቀው ይሆናል።

በዚህ ነገር ሁለት አሳብ ይሰማል። አንዳንዶች ልጆች በየቋንቋቸው ከተማሩ በኋላ አንዱ ከሌላው ጋር በምን ይነጋገራል? ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ልጁ በማያውቀው ቋንቋ ተቀምጦ ከሚሰለች በራሱ ይማር ይላሉ። የፊተኞቹ ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ በ2013 ዓ.ም. በመተከል የተነሣው ግጭት ሕይወት አጥፍቶ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል፤ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው ልጆች ያለ ሳምንትና ያለ ድልድል ቀርተዋል። ነገር ግን ልጁ የእናቱን ቋንቋ በመማሩ ጎረቤቱን አይጠላም፤ ጥላቻ የሚበቅለው አንዱ ሲከበር ሌላው እንደ ተናቀ ሲያውቅ ነው። ሁለቱ አሳቦችም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ፤ የአፍ መፍቻው ቋንቋ እንደ በር፥ አማርኛው እንደ መንገድ ይሁን። በር የሌለው ቤት አይገባበትም፤ መንገድ የሌለውም ከቤቱ አይወጣም።

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ስድስት ዓመት አድርጎ የአፍ መፍቻ ቋንቋን ትምህርት አጽንቶታል። ዐዋጅ ግን ብቻውን አያስተምርም፤ ጉሙዝኛና ሽናሽኛ የሚያውቅ መምህር፥ በልጁ እጅ የሚገባ መጽሐፍ፥ ልጁም ያለ ፍርሃት የሚሄድበት መንገድ ያስፈልጋል። እነዚህ ሦስቱ ከተገኙ በግልገል በለስ ሰኞ ጧት የሚመታው ደወል፥ አያቶቹ ሲታደኑ ለኖሩት ልጅ ከጎረቤቱ ልጅ ጋር እኩል የተጠራበት ድምፅ ይሆንለታል።