ከቅጥሯ በፊት የወደቀች ከተማ፦ ቁስጥንጥንያ ከ1204 እስከ 1453 ዓ.ም.

ቁስጥንጥንያ ከ330 ዓ.ም. ጀምሮ የምሥራቁ የሮም መንግሥት፣ ማለትም የኋላ ዘመን ጸሐፊዎች ቢዛንታይን ያሉት ግዛት ዋና ከተማ ሆና ከሺህ ዓመት በላይ ከቆየች በኋላ፣ ሜይ 29 ቀን 1453 ዓ.ም. በኦቶማን ቱርኮች እጅ ወደቀች (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው)። ብዙ የታሪክ መጻሕፍት ይህን ቀን የመካከለኛው ዘመን ማብቂያ አድርገው ሲያቀርቡ፣ የውድቀቷን ምክንያት ባሩድ የድንጋይን ቅጥር ማሸነፉ ነው በሚል በአጭሩ ያልፉታል። መድፍ ያደረሰው ጥፋት የሚካድ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በ53ቱ የከበባ ቀናት የተፈጸመውን በቅርብ የመረመረ ሰው፣ ቅጥሩ እስከ መጨረሻዪቱ ሌሊት ድረስ ሊከላከሉበት የሚቻል እንደነበረና የጎደለው በላዩ የሚቆመው ሰው መሆኑን ይገነዘባል። ያ ሰው የጎደለበት ምክንያት ደግሞ ከ1453 ይልቅ በ1204 ዓ.ም. ውስጥ የሚፈለግ ነው።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ወደ ባሕር በገባ ምድር ላይ ሲሆን፣ በደቡብ የማርማራ ባሕር፣ በምሥራቅ ጥቁር ባሕርን ከማርማራ የሚያገናኘው የቦስፎረስ መተላለፊያ፣ በሰሜን ደግሞ ወርቃማው ቀንድ የተባለው ወደ የብስ ዘልቆ የገባ ጠባብና ጥልቅ ወደብ ይከብቧታል። ከየብስ ጋር የምትገናኘው በምዕራብ በኩል ብቻ በመሆኑ፣ በዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ዘመን በ413 ዓ.ም. በዚሁ አቅጣጫ 6 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ቅጥር ተሠራ፤ በ447 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙውን ክፍል ካፈረሰው በኋላም ታድሶና ተጠናክሮ ቆመ። ቅጥሩ በሦስት እርከን የተደራጀ ነበር፤ በመጀመሪያ 20 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉድባ፣ ከእርሱ ቀጥሎ የውጭው ግንብ፣ ከሁሉም ኋላ 12 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውና 96 ማማዎች የተሠሩለት የውስጥ ግንብ ይገኛሉ፤ አንዱን የተሻገረ ጠላት በሁለተኛውና በሦስተኛው ፊት ራሱን እንዲያገኝ ተደርጎ የታሰበ ነው። በ626 ዓ.ም. አቫሮች ከአውሮፓ፣ ፋርሶች ከእስያ በኩል ተባብረው ከበቧት፤ ሊገቡባት ግን አልቻሉም። በ717 እና 718 ዓ.ም. የኡመያድ ከሊፋዎች ጦር አንድ ዓመት ያህል ከብቧት ሳለ፣ መርከቦቹ የግሪክ እሳት በተባለው፣ በውሃ ላይም በሚነድና አሠራሩ በምስጢር ይጠበቅ በነበረ ፈሳሽ ተቃጠሉበት፤ ክረምቱም ሠራዊቱን በረሃብ ጨረሰው።

ይህችን ከተማ ከውጭ መጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በኃይል የያዛት የባዕድ ሠራዊት በልብሱ ላይ የመስቀል ምልክት ያደረገ ነበር። አራተኛው የመስቀል ጦርነት የተባለው ዘመቻ ሲጠነሰስ ዓላማው ግብፅን ወግቶ ኢየሩሳሌምን ማስመለስ ነበር፤ ነገር ግን ዘማቾቹ ለመጓጓዣ ከቬኒስ ጋር የተዋዋሉትን 85,000 ማርክ ብር መክፈል ስላልቻሉ፣ በዕድሜ የገፋውና ዐይነ ስውር የነበረው የቬኒስ ገዢ ኤንሪኮ ዳንዶሎ ዕዳውን በውጊያ እንዲያካክሱ አደረጋቸው። በ1202 ዓ.ም. በመጀመሪያ የክርስቲያን ከተማ የሆነችውን ዛራን ዘረፉ፤ ቀጥሎም ከዙፋን እንዲወርድ የተደረገው የቢዛንታይን ንጉሥ ልጅ አሌክስዮስ አባቱን ወደ መንግሥቱ ቢመልሱለት 200,000 ማርክ እንደሚሰጣቸው ቃል በመግባቱ ወደ ቁስጥንጥንያ አመሩ። አሌክስዮስ ዙፋኑን አገኘ፤ ገንዘቡን ግን ሊያሟላ አልቻለም፤ በ1204 ዓ.ም. መጀመሪያ በገዛ ሰዎቹ ሲገደል ዘማቾቹ የሚጠይቁት ባለዕዳ አጡ፤ በዚያው ዓመት ኤፕሪል 12 ቀንም በወርቃማው ቀንድ በኩል ባለው ዝቅተኛ የባሕር ግንብ ገብተው ከተማዋን ለሦስት ቀን ዘረፉ። አብያተ ክርስቲያናት ተበረበሩ፤ ከጥንት ጀምሮ የተጠበቁ የነሐስ ሐውልቶች ለሳንቲም መሥሪያ ቀለጡ፤ ከፈረስ መጋለቢያው አደባባይ የተወሰዱት አራቱ የነሐስ ፈረሶች ዛሬም በቬኒስ፣ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛሉ። ዘማቾቹ ከተማዋ ደጅ ከደረሱ ወዲህ የተነሡት ሦስት ቃጠሎዎች ደግሞ ሰፊ የመኖሪያ ሰፈር አውድመው ነዋሪውን በተኑት።

ጉዳዩ የዝርፊያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከተማዋ በሁለት ትውልድ ዕድሜ ባገገመች ነበር። ዋናው ጉዳት ግዛቱ መቆራረሱ ነው። ድል አድራጊዎቹ አገሩን ተከፋፍለው የላቲን መንግሥት የሚባል ሲያቆሙ፣ ቬኒስ ወደቦችንና ደሴቶችን ወሰደች፤ የተሰደዱት የግሪክ መሳፍንት በኒቅያ፣ በትሬቢዞንድና በኤጲሮስ የየራሳቸውን መንግሥት መሠረቱ። በ1261 ዓ.ም. የኒቅያው ሚካኤል ፓሌዎሎጎስ ቁስጥንጥንያን መልሶ ቢይዝም፣ የተረከበው ከተማ ጣሪያዎቹ ለማገዶ የተነቀሉና ግብር የሚያገባለት አገር የሌለው ነበር። የጄኖዋ ነጋዴዎች ከወርቃማው ቀንድ ማዶ በጋላታ ሰፍረው ከጥቁር ባሕር የሚመጣውን ንግድ ስለያዙ፣ የቀረጡ ገቢ በንጉሠ ነገሥቱ ዐይን ፊት ወደ ሌላ ካዝና ይፈስስ ጀመር። በ1343 ዓ.ም. የዘውዱ ዕንቁዎች ለቬኒስ በመያዣነት ተሰጡ፤ ከአራት ዓመት በኋላ አዲስ ንጉሥ ሲነግሥ የዘውዱ ጌጥ ከመስተዋት የተሠራ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ ገባ። ከ1204 በፊት የነዋሪው ቁጥር ከ300,000 እስከ 400,000 እንደሚደርስ ሊቃውንት ሲገምቱ፣ በ1453 ዓ.ም. 50,000 ገደማ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ በቅጥሩ ውስጥ ባለው ባዶ ምድር ላይም እርሻና የወይን ቦታ ተስፋፍቶ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኦቶማኖች ከአንዲት ትንሽ የአናቶሊያ ግዛት ተነሥተው፣ በ1354 ዓ.ም. ጋሊፖሊን ይዘው ወደ አውሮፓ ተሻገሩ፤ ጥቂት ቆይተውም ኤዲርኔን መናገሻቸው አደረጉ። የቢዛንታይን ነገሥታት የመጨረሻ ተስፋ ከምዕራብ እርዳታ ማግኘት ነበር፤ የእርዳታው ዋጋ ግን የቤተ ክርስቲያን አንድነት፣ በግልጽ ቋንቋ ለሮሙ ጳጳስ መታዘዝ ሆነ። በፍሎረንስ ጉባኤ ጁላይ 6 ቀን 1439 ዓ.ም. አንድነቱ ታወጀ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1441 ዓ.ም.፣ በኢየሩሳሌም የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ወደዚሁ ጉባኤ መጡ፤ የላካቸው በዘመኑ የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሳይሆኑ የኢየሩሳሌሙ ማኅበር አበምኔት ኒቆዲሞስ ነበር። የመምጣታቸው ነገር ፊላሬቴ የተባለው ቀራጺ በ1445 ዓ.ም. በጨረሰው በሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ በር ላይ ተቀርጾ ይታያል። የቁስጥንጥንያ ሕዝብ ግን ስምምነቱን አልተቀበለውም። የ1204ን ዝርፊያ የልጅ ልጆች ሰምተው ያደጉበት ከተማ ለሮም ያለውን ጥላቻ እንደ ግትርነት ብቻ መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ነው። ቃል የተገባው የመስቀል ጦርም በ1444 ዓ.ም. በቫርና ተደመሰሰ።

በ1451 ዓ.ም. 19 ዓመት ሊሞላው ሲል ዙፋኑን የያዘው ሱልጣን ዳግማዊ መህመድ የቀደሙት ሱልጣኖች ከተማዋን መያዝ ያልተሳካላቸው ለምን እንደሆነ አጥንቶ ነበር። በ1452 ዓ.ም. ከኤፕሪል እስከ ኦገስት ባሉት ጥቂት ወራት ሩሜሊ ሂሳር የተባለውን ምሽግ በቦስፎረስ ጠባብ ቦታ ላይ አሠርቶ ከጥቁር ባሕር የሚመጣውን እህል ዘጋ። በዚያው ጊዜ ኡርባን የተባለ የሃንጋሪ መድፍ ሠሪ አገልግሎቱን በመጀመሪያ ለንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ 11ኛ አቅርቦ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ ደመወዙን መክፈል ስላልቻለ ወደ ሱልጣኑ ሄደ፤ 8 ሜትር ያህል የሚረዝመውንና ከ500 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን የድንጋይ አረር የሚወረውረውን መድፍ በኤዲርኔ ሠራለት፤ በ60 በሬ ተስቦም ወደ ቅጥሩ ቀረበ። ስለዚህ መድፉ ራሱ የሚመሰክረው የጦር መሣሪያ መለወጥን ብቻ ሳይሆን የካዝና ባዶነትንም ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ከበባው ሊጀመር ሲል የጦር መሣሪያ ሊይዝ የሚችለውን ሰው ሁሉ እንዲቆጥር ባለሟሉን ጊዮርጊስ ስፍራንትዚስን አዘዘው። የተገኘው 4,773 የአገር ተወላጅ ብቻ ነበር፤ ቆስጠንጢኖስም ቁጥሩ ከሁለቱ ውጪ ለማንም እንዳይነገር አደረገ። የባዕድ አገር ተዋጊዎች ሲጨመሩበት፣ በተለይም የጄኖዋው ጆቫኒ ጁስቲኒያኒ በጃንዋሪ 1453 ዓ.ም. ይዟቸው የመጣው 700 ሰዎች ሲደመሩ፣ ጠቅላላው ወደ 7,000 ደረሰ፤ የሚጠበቀው ዙሪያ ግን በባሕሩ በኩል ያለው ጨምሮ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ሦስት እርከን ኖሮት የተሠራው መከላከያ ሊያገለግል የቻለው በአንዱ እርከን፣ በውጭው ግንብ ላይ ብቻ ነው፤ ለውስጡ ግንብ የሚቆም ሰው አልነበረምና። በአንጻሩ የሱልጣኑ ሠራዊት በዘመናዊ ግምት 80,000 ገደማ ነበር። ሁለቱ ወገኖች በሃይማኖት ብቻ የተለዩ ነበሩ ማለትም ስሕተት ነው፤ በሱልጣኑ ሰፈር የሰርቢያ ክርስቲያን ወታደሮችና የምድር ዋሻ ቆፋሪዎች ተሰልፈው ሳለ፣ በከተማዋ ውስጥ ደግሞ የኦቶማን ልዑል የሆነው ኦርሃን ከተከታዮቹ ጋር አንዱን የባሕር ግንብ ክፍል ይጠብቅ ነበር።

ድብደባው ኤፕሪል 6 ቀን ከተጀመረ በኋላ፣ ቀን የፈረሰው ግንብ ሌሊት በግንድ፣ በአፈርና በበርሜል ይደፈን ነበር፤ ትልቁ መድፍ በቀን ሰባት ጊዜ ያህል ብቻ ይተኩስ ስለነበር ጠጋኞቹ ጊዜ አያጡም። ይህ የእንጨትና የአፈር አጥር የድንጋዩን አረር ከግንቡ በተሻለ ሁኔታ ውጦ ያስቀር እንደነበር የታየ ነው። ኤፕሪል 20 ቀን አራት መርከቦች እህልና ሰው ጭነው የኦቶማንን መርከቦች ጥሰው ገቡ። ሱልጣኑ በወርቃማው ቀንድ አፍ ላይ የተዘረጋውን የብረት ሰንሰለት መስበር ባይችል፣ ከሁለት ቀን በኋላ 70 ያህል መርከቦችን ቅባት በተቀባ ግንድ ላይ ከጋላታ በስተጀርባ በኮረብታው አሻግሮ ወደቡ ውስጥ አወረዳቸው። የዚህ ሥራ ውጤት ግልጽ ነው፤ አስቀድሞ በቂ ያልነበረው ሰው በ1204 ዓ.ም. ጠላት የገባበትን የባሕር ግንብ እንዲጠብቅ ዳግመኛ ተከፈለ።

ከዚህ ከበባ ታሪክ ከመድፉም ከመርከቦቹም ይልቅ ሊታወስ የሚገባው የአንዲት ትንሽ ጀልባ ነገር ነው። ሜይ 3 ቀን 12 መርከበኞች የቱርክ ልብስ ለብሰው፣ ይመጣል የተባለውን የቬኒስ መርከብ ጦር ለመፈለግ ወጡ። በኤጅያን ባሕር ለብዙ ቀናት ቢዞሩም አንዲት መርከብ እንኳ አላገኙም። ከተማዋ መውደቋ እንደማይቀር እያወቁ ወደዚያ መመለስ ሞት ነው ያለ ከመካከላቸው ቢኖርም፣ የተላኩበትን መልስ የማድረስ ግዴታ አለብን ያሉት በረቱ፤ ሜይ 23 ቀንም ተመልሰው እርዳታ እንደሌለ ለንጉሠ ነገሥቱ ነገሩት። ስማቸው እንኳ ያልተመዘገበው እነዚህ ሰዎች ከብዙ ነገሥታት የበለጠ ቃል ጠባቂዎች ነበሩ።

ሜይ 28 ቀን ማታ በሃጊያ ሶፊያ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድነቱን የተቀበሉትና የተቃወሙት በአንድነት ቆመው የመጨረሻውን ጸሎት አደረሱ። ሊነጋ ሲል ጥቃቱ በሦስት ማዕበል መጣ፤ በመጀመሪያ ልዩ ልዩ ምልምሎች፣ ቀጥሎ የአናቶሊያ ሠራዊት፣ በመጨረሻ ከልጅነታቸው ጀምሮ ለውትድርና የሠለጠኑት የሱልጣኑ የክብር ዘበኞች፣ የኒቸሪ የተባሉት ገቡ። ሁለቱ ማዕበሎች ተመለሱ። በሦስተኛው ጊዜ ጁስቲኒያኒ ክፉኛ ቆስሎ ከቦታው ሲወሰድ፣ እርሱን የሚተካ ተጠባባቂ ጦር ስላልነበረ ሰልፉ ተፈታ፤ ቆስጠንጢኖስም ከሚዋጉት መካከል ሆኖ ሞተ። ከተማዋ ተዘረፈች፤ ብዙ ሺህ ሰው ለባርነት ተዳረገ።

መህመድ የያዘው ከተማ ሰው አልባ እንደነበረ ስለተረዳ የመጀመሪያ ሥራው ሰው ማምጣት ሆነ፤ ሙስሊሞችን፣ ግሪኮችንና አይሁዶችን ከየግዛቱ በትእዛዝ አሰፈረባት፤ የአንድነቱ ዋና ተቃዋሚ የነበረውን ጌናዲዮስን በ1454 ዓ.ም. መጀመሪያ ፓትርያርክ አድርጎ ሾመ። በ1477 ዓ.ም. አካባቢ በተደረገ ቆጠራ ጋላታን ጨምሮ ከ16,000 በላይ ቤተሰብ ተመዘገበ። የከተማዋ ውድቀት የዓለም ታሪክ መዞሪያ ስለ መሆኑ ከሚነገረው ግን ጥቂት ያልሆነው የተጋነነ ነው። የግሪክ ሊቃውንት ሸሽተው የአውሮፓን የትምህርት ትንሣኤ አስጀመሩ ቢባልም፣ ማኑኤል ክሪሶሎራስ በፍሎረንስ ግሪክኛ ማስተማር የጀመረው በ1397 ዓ.ም. ነው፤ የንግዱ መንገድ ስለተዘጋ አውሮፓውያን በባሕር ወደ ህንድ ለመሄድ ተገደዱ ቢባልም፣ ፖርቱጋሎች በአፍሪካ ምዕራብ ዳርቻ የቦጃዶርን ርእሰ ምድር ያለፉት በ1434 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቬኒስም በ1454 ዓ.ም. ከሱልጣኑ ጋር ተዋውላ ንግዷን ቀጥላለች።

የከተማዋን ዕጣ የወሰነው ዘመን ተፈልጎ ከሆነ፣ ፍርዱ የሚያመለክተው ቅጥሯ ሳይፈርስ ሕዝቧንና ግዛቷን ያጣችበትን 1204 ዓ.ም. ነው። የሮሙ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ሜይ 4 ቀን 2001 ዓ.ም. በአቴንስ ተገኝተው፣ የምዕራብ ክርስቲያኖች በቁስጥንጥንያ ላይ ስለፈጸሙት ዝርፊያ ሐዘናቸውን ገልጸው ይቅርታ ለምነዋል።