ከፔኒሲሊኑ ሠላሳ ደቂቃ በፊት



ብግነትን የሚያበርዱ አንቲቦዲዎች ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከለንደን ነው። በዚያ ማርክ ፌልድማንና ራቪንደር ማይኒ እ.ኤ.አ. በ1992 ቲ ኤን ኤፍ የተባለውን ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲን የሚያግድ አንቲቦዲ በሩማቶይድ የመገጣጠሚያ ብግነት ለሚሠቃዩ ሕሙማን ሰጡ። ታሪኩ እውነት ነው። እኔ ግን ዛሬ እዚሁ አዲስ አበባ ስለ ተጻፈው ምዕራፍ መናገር እወዳለሁ።

ግርሻ በሰውነት ቅማል የሚተላለፍ የባክቴሪያ ትኩሳት መሆኑን ታውቃላችሁ። ፔኒሲሊን ይፈውሰዋል። አስጨናቂው ከመርፌው በኋላ የሚመጣው ነው። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱ ይንራል፤ ቀጥሎም የደም ግፊቱ ያሽቆለቁላል። በዚሁ ሕይወቱ የሚያልፍም አለ። ያሪሽ ኸርክስሃይመር ተብሎ በሚጠራው በዚህ ምላሽ ወቅት ቲ ኤን ኤፍ በደም ውስጥ እንደሚጨምር አስቀድሞ ታይቶ ነበር። ይሁን እንጂ አብሮ መገኘት መንሥኤ መሆንን አያረጋግጥም።

የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ሐኪሞች ይህንኑ ለመፈተን 49 የግርሻ ሕሙማንን በዕጣ ለዩ። ለ20ዎቹ ከፔኒሲሊኑ 30 ደቂቃ በፊት ቲ ኤን ኤፍን የሚያግድ፣ ከበግ የተገኘ የአንቲቦዲ ቁራጭ በደም ሥር ተሰጣቸው፤ ለ29ኙ ማነጻጸሪያ ፈሳሽ። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው ውጤት ግልጽ ነበር፤ ማነጻጸሪያውን ከወሰዱት 26ቱ ምላሹ ሲይዛቸው፣ አንቲቦዲውን ከወሰዱት የያዛቸው 10ሩ ብቻ ነበሩ። የትኩሳቱ ጭማሪም በአማካይ ከ1.5 ወደ 0.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ አለ።

ሙሉው አንቲቦዲ ቀርቶ ቁራጩ ለምን እንደ ተመረጠ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቤሪንግና ኪታሳቶ እ.ኤ.አ. በ1890 የእንስሳት ሴረም ከበሽታ እንደሚከላከል ካሳዩ በኋላ የፈረስ ሴረም ብዙ ሕፃናትን ከዲፍቴሪያ አድኗል። ነገር ግን ፎን ፒርኬና ሺክ በ1905 እንደ ጻፉት፣ ሴረሙ ራሱ ትኩሳት፣ ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣ ነበር። ሰውነት በባዕዱ ፕሮቲን ላይ የራሱን አንቲቦዲ ያመርታል፤ ሁለቱ ተጣብቀው በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ሲከማቹ ብግነት ይነሣል። አንቲቦዲ እሳት አጥፊም እሳት ለኳሽም ነው፤ የለኳሽነቱም ሥራ በአብዛኛው የጭራው ነው። ቁራጩ ይህ ጭራ የለውም።

በዚያው ዘመን ተመሳሳይ አንቲቦዲዎች በሴፕሲስ በተያዙ ሕሙማን ላይ በተደጋጋሚ ተሞክረው ተስፋ የተጣለባቸውን ያህል ሕይወት አላዳኑም። በእኔ አስተያየት ዋናው ልዩነት ሰዓቱ ነው። የሴፕሲስ በሽተኛ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ቲ ኤን ኤፉ ከፈሰሰ በኋላ ነው። በግርሻ ግን ማዕበሉ የሚነሣበትን ሰዓት የሚወስነው መርፌ ወጊው ሐኪም ራሱ ነው። የአዲስ አበባው ጥናት ክብደት ለእኔ እዚህ ላይ ነው፤ ሌሎች ያጡትን ሰዓት በእጁ ይዞ ነበርና።

ሆኖም አንቲቦዲው የግርሻ መደበኛ ሕክምና አልሆነም። ገበያውን ያገኘው በረጅም ጊዜ ሕመሞች ነው፤ ኢንፍሊክሲማብ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ለክሮን የአንጀት ብግነት፣ በ1999 ለሩማቶይድ ተፈቀደ። በ2001 ደግሞ መድኃኒቱን ከወሰዱ በኋላ በሳንባ ነቀርሳ የተያዙ 70 ሰዎች ሪፖርት ወጣ። ቲ ኤን ኤፍ የነቀርሳውን ባክቴሪያ አጥሮ የሚያቆይ ዘበኛም ነበር። ዛሬ ሐኪም ይህን አንቲቦዲ ከማዘዙ በፊት የተደበቀ ነቀርሳ መኖር አለመኖሩን የሚመረምረው በዚህ ምክንያት ነው።