የውሸት ፍቅረኛ

«የውሸት ፍቅረኛ» ሲባል ከዳተኛ ወይም በላይ በላዩ የደረበ ሰው የሚታየው አንባቢ አይጠፋም። በዘመኑ የፍቅር ልቦለድ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሁለት ሰዎች መክረውና ተስማምተው ለሰው ዓይን ፍቅረኛ የሚመስሉበት ውል ነው። እርስ በርስ አይዋሹም፤ የሚዋሹት ቤተሰብን፣ ጓደኛን፣ አለቃን ነው።

ውሉ አንዳንዴ በጽሑፍ ይሰፍራል። የጄኒ ሃን የ2014 እ.ኤ.አ. ልቦለድ በ2018 እ.ኤ.አ. ፊልም ሲሆን፣ ዋና ገጸ ባሕሪዋ ላራ ጂን ከውሸት ፍቅረኛዋ ከፒተር ጋር ስትዋዋል መሳሳም ክልክል መሆኑን ትጽፋለች። እጁን ጂንሷ ኪስ ውስጥ መክተት ግን ይፈቀድለታል! ዘውጉ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው፤ ክልከላው ራሱ ጉጉቱን ይቆሰቁሰዋል።

ዘውጉ ከ«ወረቀት ጋብቻ» ጋር መምታታት የለበትም። በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን የሚያውቁት ያ ጋብቻ የመኖሪያ ፈቃድ ማግኛ እንጂ የልቦለድ ዘውግ አይደለም። ሁለቱ የሚገናኙበት ጊዜ ግን አለ፦ በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ የሆሊውድ ፊልም ሳንድራ ቡሎክ የምትጫወታት ካናዳዊት አለቃ ከአሜሪካ እንዳትባረር ረዳቷን «እጮኛዬ ነው» ትላለች።

ደካማ ደራሲ የሚጋለጠው በሰበቡ ነው። ሁለቱም ወገን ለመዋሸት በቂ ምክንያት ከሌለው ታሪኩ ውሃ አይቋጥርም። አሊ ሄዘልዉድ በ2021 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ልቦለድ ይህን አልዘነጋችም፦ የዶክትሬት ተማሪዋ ኦሊቭ ፍቅረኛ እንዳላት ጓደኛዋን ማሳመን ትፈልጋለች፤ ፕሮፌሰር አዳም ደግሞ ዩኒቨርሲቲው «ሊለቅ ነው» ብሎ የያዘበትን የምርምር ገንዘብ ማስለቀቅ።