መምህርና ተማሪ በቅኔ ቤት

ስለ ሀገራችን የትምህርት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት በ1908 እ.ኤ.አ. ከተከፈተው ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው። ይሁን እንጂ የመምህር አያያዝ በተማሪ አእምሮ ላይ የሚያሳድረውን ኃይል ለመመርመር የሚሻ ሰው ከዚያ አስቀድሞ ለብዙ ዘመናት ሲሠራበት የኖረውን ቅኔ ቤት መመልከት ይኖርበታል።

በንባብ ቤት ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ እስከ ዳዊት ይዘልቃል። በዚህ ደረጃ የሚፈለግበት የየኔታን ቃል ሳያዛንፍ መከተል ነው፤ ስሕተት ከተገኘበት አለንጋው ቅርብ ነው። ዜማ ቤትም ቢሆን የተቀበሉትን ሳይለውጡ መያዝን ይጠይቃል። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ምክንያቱም ተማሪው የሚጠየቀው ከእርሱ በፊት ያልተነገረ የራሱን ቅኔ ነው።

መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ሰምና ወርቁን ይፈታሉ፤ ግሱንና አገባቡን ያስረዳሉ። ደበሎ ለባሹ ተማሪ ደግሞ ከዛፍ ጥላ ሥር ለብቻው ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል። ጀማሪው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ያድጋል። የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል።

የጉባኤው መንፈስ የሚወሰነው በዚህች ሰዓት ነው። አገባቡ የተፋለሰ ቅኔ ሲቀርብላቸው፣ መምህሩ ተማሪው ሊል የፈለገውን ምሥጢር ፈልገው ቢያቀኑለት፣ ልጁ ሐሳቡ ዋጋ እንዳለው ተረድቶ ነገ ከዚህ የከበደ ይሞክራል። በንቀት ቢያሳልፉት ግን እርሱ ብቻ ሳይሆን ሲያዳምጡ የነበሩት ጓደኞቹም ደፍረው መሞከርን ይተዋሉ። በትክክል የሚደግም ተማሪን በፍርሃት ማፍራት ይቻል ይሆናል፤ የሚቀኝ ተማሪን ግን አይቻልም።

ለዚህም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ጥሩ ምስክር ናቸው። በልጅነታቸው የዐይን ብርሃናቸውን ያጡት እኚህ ሴት ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ ሴት ልጅ እምብዛም በማትታይበት ጉባኤ ወንበር ዘርግተው በጎጃም አስተምረዋል። ብራናም ሆነ ሰሌዳ ሊያነቡ የማይችሉት መምህርት የተማሪያቸውን ሐሳብ የሚመዝኑት በማዳመጥ ነበር።

የመምህሩም አሻራ ሳይጠፋ ይኖራል። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ የቦታ ስሞች ብቻ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የቅኔ መንገድ ያላቸው ቤቶች ናቸው። ተማሪውም ይህን መንገድ ፍለጋ ቁራሽ እየለመነ ከመምህር ወደ መምህር ይጓዝ ነበር።

በእርግጥ ዛሬ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ የሚያስተምር ባልደረባችን የእያንዳንዱን ተማሪ ሐሳብ በየዕለቱ ለማድመጥ ጊዜ አያገኝም። ቢሆንም የተሳሳተ መልስ ሲሰማ፣ ከማረሙ በፊት ልጁ ምን አስቦ እንደ ሆነ መጠየቅ ይችላል። ከቅኔ ቤት የምንወርሰው ትልቁ ቁም ነገርም ይኸው ነው።