የፎቶግራፍ ጎተራ፦ የዲጂታል ካሜራ የጉዞ ማከማቻዎች አጭር ታሪክ

የፎቶግራፍ ፊልም ሁለት አገልግሎት አጣምሮ የያዘ ዕቃ ነበር። ብርሃኑን የሚቀበለውም፣ የተቀበለውን ለብዙ ዘመን የሚያኖረውም ያው አንዱ ጥቅል ነው። ፎቶ አንሺው ፊልሙን አሳጥቦ ነጌቲቩን በፖስታ ከትቶ በመሳቢያ ያስቀምጣል፤ ሌላ ሲያሻው ሌላ ጥቅል ይገዛል። ዲጂታል ካሜራ በመጣ ጊዜ እነዚህ ሁለት አገልግሎቶች ተለያዩ። በገበያ ለጥቂት ዓመታት ታይተው የጠፉት በእጅ የሚያዙ የፎቶግራፍ ማከማቻዎች ታሪክም በመሠረቱ የዚህ መለያየት ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ችግሩ ከመነሻው የነበረ ነው። የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ የነበሩት ስቲቨን ሳሰን በ1975 የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሲሠሩ ለማከማቻነት የተጠቀሙት በቴፕ ካሴት ነበር። አንዱን ሥዕል በካሴቱ ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅ ነበር። አንድ ካሴት 30 ሥዕል እንዲይዝ የወሰኑትም የፊልም ጥቅል ባለ 24 ወይም ባለ 36 ስለሆነ በመካከል ያለውን ቁጥር መርጠው ነው። ኮዳክ በ1991 ለገበያ ያቀረበው ዲሲኤስ ደግሞ በኒኮን ኤፍ 3 ካሜራ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ማከማቻው ለብቻው በትከሻ የሚነገት ሣጥን ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ባለ 200 ሜጋባይት ሐርድ ዲስክ 156 ሥዕሎች ይይዛል፤ የተነሣውን የሚያሳይ ጥቁርና ነጭ ስክሪንም ነበረው። ይህን ስክሪን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ሣጥኑን ከትከሻ ያወረደው ፍላሽ ሚሞሪ ነው። የቶሺባው ፉጂዮ ማሱኦካ በ1984 ለሙያ ጉባኤ ያቀረቡት ይህ ፈጠራ፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የያዘውን የማይለቅና የሚሽከረከር አካል የሌለው ነው። ሳንዲስክ በ1994 ኮምፓክት ፍላሽን አወጣ። ከዚያ ወዲያ ስማርት ሚዲያ፣ ሚሞሪ ስቲክ፣ ኤስዲ፣ ኤክስዲ እየተባለ እርስ በርሱ የማይገጥም ካርድ ገበያውን አጥለቀለቀው።

ይሁን እንጂ ካርድ ውድ ነበር። በሜጋባይት ሲሰላ ዋጋው ከሐርድ ዲስክ እጅግ ይበልጥ ነበር። ካሜራው በበኩሉ ዋጋው እየረከሰ፣ ሥዕሉ ግን እየገዘፈ ሄደ። ካኖን በ2003 ባለ 6.3 ሜጋፒክስሉን 300ዲ ከ1,000 ዶላር በታች ሲያወጣ፣ የዚህ ካሜራ አንድ ጥሬ ፋይል ወደ 7 ሜጋባይት ይጠጋ ነበር። እንግዲህ 256 ሜጋባይት ያለው ካርድ 36 ያህል ቢይዝ ነው፤ ከአንድ የፊልም ጥቅል ጋር እኩል መሆኑ ነው! ፊልም ያለቀበት መንገደኛ ከደረሰበት ከተማ ሱቅ ሌላ በጥቂት ገንዘብ ይገዛል፤ ካርድ የሞላበት ግን ወይ ይደመስሳል ወይ ማንሣቱን ያቆማል።

ሸማቹ የጉዞ ማከማቻን የፈለገው ከዚህ የተነሣ ነው። በ2000 ገደማ ዲጂታል ዋሌት የተባለው ዕቃ በ6 ጊጋባይት ዲስክ ብቅ አለ፤ ተከታዮቹም አያሌ ነበሩ። አሠራራቸው ቀላል ነው። የላፕቶፕ ሐርድ ዲስክ፣ ባትሪና የካርድ ማስገቢያ በአንድ ሣጥን ይገጠማሉ፤ ካርዱ ገብቶ ቁልፉ ሲጫኑት ሥዕሉ ይገለበጣል፤ ከዚያም ካርዱ ተደምስሶ እንደገና ይሠራበታል። በ2003 ደግሞ ቤልኪን ለሙዚቃ የተገዛውን አይፖድ ለዚሁ አገልግሎት የሚያበቃ የካርድ ማንበቢያ አቀረበ።

በእኔ አስተያየት የቀደሙት ሣጥኖች ትልቁ ጉድለት ሥዕሉን የሚያሳይ ስክሪን ማጣታቸው ነው። ዲሲኤስ በ1991 የነበረውን ነገር እነርሱ አልነበራቸውም። ባለቤቱ መገልበጡን የሚያውቀው በቁጥርና በመብራት ምልክት ነው፤ ያንን አምኖ የሠርግ ወይም የጉዞ ፎቶግራፉን ከካርዱ ላይ በገዛ እጁ ያጠፋል። ኤፕሰን በ2004 ያወጣው ፒ-2000 ባለ 40 ጊጋባይትና ባለ 3.8 ኢንች ስክሪን ሲሆን፣ ባለሙያዎች የወደዱት ከመደምሰሳቸው በፊት ስላሳያቸው ይመስለኛል።

ዲስክ የሚሽከረከር አካል በመሆኑ ሌላም ጣጣ ነበረበት። አንባቢው ራስ ከዲስኩ ገጽ ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ዝቅ ብሎ ገጹን ሊነካ ይችላል። አብዛኞቹ ዲስኮች ከባሕር ወለል በላይ እስከ 3,000 ሜትር ያህል ብቻ እንዲሠሩ የተወሰኑ ነበሩ። የባሌው ሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ መሆኑን ለሚያውቅ የአገራችን ሰው ይህ ገደብ ቀላል ነገር አይደለም።

የእነዚህ ዕቃዎች ዘመን አጭር ሆነ። የፍላሽ ዋጋ በፍጥነት ወደቀ፤ በ2006 የወጣው ኤስዲኤችሲ እስከ 32 ጊጋባይት የሚይዝ ካርድን ፈቀደ። አንድ ሙሉ ጉዞ በሁለት ካርዶች ሲያልቅ፣ ባትሪ የሚበላ ሣጥን ተሸክሞ የሚዞር ጠፋ። ነገር ግን ሁለተኛውን ቅጂ የመያዝ ልማድም አብሮ ላላ። ካርዱ ካልሞላ የሚገለብጠው የለም፤ ያ ካርድ ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ የወራት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሄዳል። በፊልም ዘመን በአንድ ጥቅል መበላሸት የሚጠፋው 36 ሥዕል ነበር። ኒኮን በ2007 ባወጣው ዲ3 ላይ ሁለት የካርድ ማስገቢያ አደረገ፤ ባለቤቱ ከፈለገም ካሜራው እያንዳንዱን ሥዕል እንደተነሣ በሁለቱም ካርዶች ላይ ይጽፋል።