ነፋስ ስልክና የሕፃናት ጥያቄ



በአዲስ አበባ ደቡብ፣ ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ በሚባለው ክፍለ ከተማ የሚኖር ወይም ማለዳ ወደ መሥሪያ ቤቱ በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ የሰፈሩን ስም በየቀኑ ይጠራል፤ ትርጓሜውን የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ነፋስ ስልክ ማለት ያለ ሽቦ መልእክት የሚያመላልስ መሣሪያ ማለት ነው። አባቶቻችን ሽቦ የሌለበትን መሣሪያ ባዩ ጊዜ ቃሉን የሚሸከመው ነፋስ ይሆናል ብለው ገመቱ፤ ስሙም ከመሣሪያው አልፎ ለሰፈሩ ተረፈ። እንዲህ ያለው ግምት የሳይንስ መጀመሪያ ነው። የቀረው መፈተን ነበር።

በዚያው ሰፈር የሚያስተምር አንድ የአራተኛ ክፍል መምህር ይህን ስም ለትምህርቱ ቢጠቀምበት ምን ይሆናል? «ልጆች፣ የሬዲዮን ድምፅ ወደ ቤታችን የሚያመጣው በእርግጥ ነፋስ ነውን?» ብሎ ይጠይቅ። ሕፃናቱ መስኮቱንና በሩን ዘግተው፣ ነፋስ በሌለበት ክፍል ሬዲዮ ይክፈቱ። ቀጥሎም ያንኑ ሬዲዮ፣ ጣቢያውንና ቦታውን ሳይለውጡ፣ አንድ ጊዜ በሸክላ ማሰሮ፣ አንድ ጊዜ በብረት ድስት ውስጥ አድርገው ይክደኑት፤ የሰሙትንም ይጻፉ። የተለወጠው ዕቃው ብቻ ስለ ሆነ፣ ልዩነት ቢገኝ ምክንያቱን ከዚያ ይፈልጋሉ። መምህሩ መልሱን አስቀድሞ አይንገራቸው። ከፈተና በኋላ ግን፣ በሐምሌ 1961 ዓ.ም. በጨረቃ ላይ የቆሙት ሰዎች፣ ነፋስ ቀርቶ አየር በሌለበት ስፍራ ሆነው ከምድር ጋር በሬዲዮ መነጋገራቸውን ይንገራቸው። አባቶቻችን በዚህ አያፍሩም፤ ግምት ለመፈተን የተሠራ ነውና።

እንዲህ ያለው አስተማር ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ በቤተ ክህነት ትምህርት ፊደልና ዳዊት በቃል ይጠኑ ነበር፤ ነገር ግን በቅኔ ቤት የሰውን ቅኔ ደግሞ መቀኘት ነውር ነው። ተማሪው ከራሱ አእምሮ አዲስ ማውጣት፣ በመምህሩ ፊትም መታረም አለበት። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ለውጭ ቋንቋዎች ከፍ ያለ ስፍራ ሰጠ፤ አገሪቱ አስተርጓሚና ጸሐፊ ያስፈልጋት ነበርና። ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን ሳይንስ ከሰሌዳ ወደ ደብተር የሚገለበጥ ነገር ሆኖ ኖረ።

በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን፣ አማርኛ ተናጋሪው ሕፃን በሚያስብበት ቋንቋ መጠየቅ ቻለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ይህን መብት ለሌሎችም የአገራችን ቋንቋዎች አሰፋው፤ በታችኞቹ ክፍሎችም የአካባቢ ሳይንስ የሚባል ትምህርት ገባ። በመካከሉ የአፍሪካ አገሮች ተባብረው ነበር። በ1960ዎቹ መግቢያ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በአክራ የሆነው የአፍሪካ የሳይንስ ትምህርት ፕሮግራም ሲቋቋም ኢትዮጵያም አባል ሆነች። ከዚያ አስቀድሞ ለአፍሪካ ሕፃናት በተዘጋጁት ትምህርቶች ውስጥ አንዱ፣ በአሸዋ ላይ ጉድጓድ ሠርታ ጉንዳን የምታጠምደውን ትንሽ ነፍሳት መመልከት ነበር። መሣሪያው አሸዋና ትዕግሥት ብቻ ነው!

ታዲያ ችግሩ የት ነው? በአንድ ክፍል የሚታጨቁት ተማሪዎች ብዙ መሆናቸው፣ ፈተናውም በቃል የተያዘውን መመዘኑ እውነት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ግን መምህሩ በሕፃናት ፊት «አላውቅም፣ እንፈትነው» ለማለት የሚያስፈልገው ድፍረት ነው።

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህ ጉዳይ የመምህራን ብቻ አይደለም። «ይህን በምን አወቅህ?» ተብሎ ሳይጠየቅ ያደገ ልጅ ነገ ከእኛ ወንበር ይቀመጣል፤ የቀረበለትንም ፋይል ሳይመረምር ይፈርማል። ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ የሚቀረው ግን ሹመት ብቻ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጅዎ ስለ አንድ ነገር ሲጠይቅዎ «ዝም በል» አይበሉት። «አንተ ምን ይመስልሃል? እንዴትስ እናረጋግጠው?» ይበሉት፤ ከእርሱም ጋር ተቀምጠው ይፈትኑት።